ገቢና ወጪ

የዱቄት ወተት ጣሳ ነው፤ ክዳኑ በቢላ የተቀደደ፣
ቁም ሳጥን ላይ ከእኛ ጋር ያረጀ፣ አፉ የዛገ፣ ሆዱ የከበደ።

አባቴ ሰዓት ጠጋኝ ነበር፤ ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣
ከደረጃ ሥር፣ አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ደንበኛ በማታስገባ።
ማታ ኪሱን ይገለብጥና ሳንቲሙን፣ የተጨማደደ አሥር ብሩን፣
"ይሄ የእኛ አይደለም" ይላል።
ይጥላል። እንሰማለን ድምፁን።

የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ሸንጎ ነው ቤታችን፤
ጣሳው መሐል ይቀመጣል፣ ዙሪያውን አምስታችን።
እናቴ ሁልጊዜ ከግድግዳው ማዶ ትጀምራለች፦
"የእትዬ ደብሪቱ ጣሪያ ያፈሳል፤ ድመቷም ብርድ ልብሱ ላይ ወልዳለች።"
ወንድሜ ያፌት የኩላሊት ሕሙማንን ያነሣል፦
"በሳምንት ሦስቴ ነው እጥበቱ፤ አንዱን እንኳ ማን ያግዛል?"
ምንትዋብ ለሠፈሩ ልጆች ማንበቢያ ቤት ትላለች፣
"ሦስት ወንበር፣ አንድ አምፖል ብቻ" እያለች ጣቷን ታጥፋለች።
እኔ? እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጫማዬን አያለሁ፤
ሶሉ አፉን ከፍቷል። ከጣሳው መቶ ብር ቢደርሰኝ እላለሁ፣
በሆዴ።

አባቴ አይፈርድም። የቆመ ሰዓት እንደሚያዳምጥ ጆሮውን ሰጥቶ
ይቆያል፤ ከዚያ በጠባብ ደብተር ይጽፋል፣ በእስክርቢቶ፦
ወጪ፦ ለጣሪያ ቆርቆሮ፣ ሁለት።
ወጪ፦ ለእጥበት።
ወጪ፦ አምፖል። ወንበሩ ለመጪው ወር።

ጠብም ነበር።
"የሚያውቁትን መርዳት ውለታ ማስቀመጥ ነው" ያፌት ሲል፣
እናቴ "ደጄ የወደቀውን ተራምጄ የት ልሂድ?" ስትል፣
ሦስት ቀን ተኮራረፉ፤ ጨው እንኳ በእኔ በኩል ተቀባበሉ።

ከዚያ ሠፈሩ ፈረሰ። ግሬደር መጣ፤ ሰዎች ዕቃ አዘሉ።
እትዬ ደብሪቱ አራብሳ፣ አራተኛ ፎቅ፤ ድመቷ አልሄደችም።
የእድሩ ድንኳን፣ ብረት ድስቱ፣ መቶ አርባው ሳህን
የሚያስጠጋው ቤት አላገኘም።
እኛ ለጥቂት ቀረን፤ መስመሩ ከአጥራችን ሥር አለፈ።
ጡሩንባ ነፊው በስልክ መርዶ መላክ ጀመረ።
አባቴ በዚያው ዓመት አረፈ።

ድንኳኑ አስፋልት ዳር ተተከለ፣ ሌላ ቦታ ታጣ፤
በሦስተኛው ሰዓት ላይ፣ በሁለት ሃይገር ተጭኖ፣
ሠፈራችን ለቅሶ መጣ።

ከአርባው በኋላ ደብተሩን ገለጥኩ።
ሃያ ሁለት ዓመት ወጪ፣ ወጪ፣ ወጪ፣ በዚያ በቀጭን ፊደል፤
አንድ ገጽ ላይ ግን ሌላ ቃል፦
"ገቢ፦ ሦስት ሺህ አራት መቶ ብር። በፖስታ፣ ከበር ሥር። ከማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።"
ቀኑን አየሁት። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ፣
ጥቁር አንበሳ የተኛሁበት ሐምሌ ነው።
ከግሉኮስ መስቀያው፣ ከነርሷ ነጭ ካልሲ በቀር
አላስታውስም ምንም።
ከሥሩ፣ በቀጣዩ ወር፦
"ወጪ፦ እንደ ቀድሞው።"

ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ላይ ጥርጣሬ ያዘኝ።
ዱቤ ሲጠይቁት የሚጮኸው ባለሥጋ ቤት ይሆን?
ሱሪዬን በነፃ ያሳጠሩልኝ ሐጂ ሙዘይን?
ወይስ እትዬ ደብሪቱ፣ በዚያ ጣሪያ?
የሚያፈሰውን ትተው?
መንገድ ላይ የቀድሞ ጎረቤት ሳይ አንገቴን ዝቅ አደርጋለሁ፣
ለማንኛውም ብዬ።

ዛሬ የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ነው። እስክርቢቶው እኔ ጋ ነው።
እናቴ "አራብሳ ድረስ ታክሲው ብቻ ስንት ነው?" ትላለች፤
ያፌት ይጮኻል፤ ምንትዋብ ጣቷን አጥፋ ትጠብቃለች።
የጫማዬን ሶል ሊስትሮው ሰፍቶልኛል፤ ይዟል።
እኔ ገና አልጻፍኩም።
በራችን ሥር ያለውን ክፍተት አያለሁ፦
ፖስታ ያሳልፋል።