አስራ አንደኛው ስም

በሲሚንቶ ወረቀት፣ በእርሳስ ጉማጅ፣
አስሩን ጻፍኩኝ ቶሎ፣ ያለ አማላጅ።
በረኛው ኢብሳ ነው፤ መሃሉ የሰመድ፤
ክንፉን ለዚያድ ሰጠሁ፣ አያውቅም መራመድ።

አስራ አንደኛው ላይ እርሳሴ ቆመብኝ፤
ስጽፍ ስፍቅ ስጽፍ ወረቀት ሳሳብኝ።

ስንቴ በባጃጁ ረምዚ ጭኖናል፤
ጉልበቱ ግን አብጧል፣ ደረጃ ይፈራል።
ቶላ ልጅ ነው ገና፣ ደቻቱ የሞረደው፣
ጫማውን ሐሙስ ለት ድንጋይ የቀደደው።

ጥሎ ማለፍ ማለት፣ ኳስም ሳይነካ፣
ቀድሞ የሚጣለው የራስ ሰው ነው ለካ።

ሲነጋ ለገሃር፣ ረምዚ አጎንብሶ፣
የገዛ ጫማው ጫፍ ጨርቅ ጎስጉሶ፣
ለቶላ ያስራል፣ «አቦ ቁም!» እያለ።

ዝርዝሬን አውጥቼ በፀሐዩ ሳይ
ቀዳዳ ብቻ ነው አስራ አንደኛው ላይ።