የጨው መስመር

በዋናው ግቢ በር፣ ዝናብ ሲወርድበት የሚያድረው፣
ቢጫ መብራት አለ፣ ማንም ቀና ብሎ የማያየው።
እኔ ግን አውቀዋለሁ፤
የዘር ሐረጉን እቆጥርለታለሁ፦
ሶዲየም ነው፣ የጨው ልጅ፤ ሲግል የሚሰጠው ቀለም
እዚህም፣ ሰማይ ዳርም፣ ያው ነው፤ ሌላ የለም።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ሦስተኛ ፎቅ፣ ፊዚክስ ክፍል፤ ጣሪያው አንድ ቦታ ያፈሳል፤
ጥበቃው ነዚፍ ባልዲ ደቅኖ ሄዷል፤ ጠብታው እንደ ሰዓት ይቆጥራል።
ከፊቴ ላለው ጋላክሲ ስም እንኳ አላወጡለትም፤
ቁጥር ነው። ብርሃኑ ወደዚህ ሲነሣ
ጊቤ ገና መንገዱን አልያዘም፣
ሣር እንኳ በምድር ላይ አልበቀለም።

ኮከብ ይወልዳል፤ ሳይታክት፣ ዓመት ካመት፤
የሚወልደው ግን ከጋዝ ነው፣ ከቀዝቃዛው፣ ከጨለማው፣
ከዚያ ስሙ ከሚያስቀኝ፣
ገለልተኛ ጋዝ ከሚሉት።
ኤሌክትሮኑን ለማንም ያልሰጠ፣ የማንንም ያልነጠቀ፣
ከፕላስ ጋር ያልተጣላ፣ ከማይነስ ጋር ያልታረቀ።

ይህን ቃል ከፊዚክስ በፊት ሄርማታ ነው የሰማሁት፤
አባቴን ነበር የሚሉት።
አባዝናብ፣ ጨው ቸርቻሪው፤ የነሐስ ሚዛን፣ አንድ እግሩ ያጠረ በርጩማ፣
(አሁን በዚያ ሱቅ የሞባይል ካርድ ይሸጣሉ፤ ጣራውን ሰማያዊ ቀብተውታል)
ሁለት ሰው በወሰን፣ በላም፣ በውርስ ሲጣላ
«አባዝናብ ይምጣ» ይባላል፤ «እሱ ነው የማያደላ»።
ሚዛኑን በጨርቅ ሸፍኖ ይሄዳል።
ይሰማል። ይሰማል። ከተናገረው ይልቅ የዋጠው ይበዛል።

ጋዙም እንደዚያ ነው፤ ራሱ አያበራም፤
ከኋላው ከዋክብት ባይኖሩ፣ አለ ለማለት አልደፍርም።
ብርሃናቸው በእሱ ሲያልፍ የልኩን ያህል ይውጣል፤
ያልደረሰኝ ብርሃን ነው የሚመሰክርልኝ።
ቀስተ ደመናውን ዘረጋሁት፤ ከቢጫው መሐል ላይ
ሁለት ቀጭን ጥቁር ጭረት፣ ጎን ለጎን፣
ሰው በጥፍሩ የጫራቸው ይመስላሉ።

ከዋክብቱም በገላቸው ጨው አለ፤
የእነሱን ድርሻ መቀነስ ነበረብኝ፤ ሳምንት ሙሉ ፈጀብኝ።
ቀነስኩ። ደግሜ ቀነስኩ። የተረፈውን ለካሁ።
ጭረቶቹ ከቦታቸው የሉም!
ወደ ሰማያዊው አድልተዋል።
በሰከንድ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር፤ ወደ እኛ፤ ማለት ከቤቱ ወጥቶ፣
የወለዳቸው ከዋክብት በነፋሳቸው ገፍተውት፣ ማጀቱን ባዶ ትቶ።

ገለልተኛው አድልቷል።
እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሣሁ።

ያን ዕለት፣ ቦዬ ረግረግ ዳር፣
የእናቴ ወንድሞች ከመበለቷ ከዲንሴ ጋር ሲካሰሱ፣
አባቴ ከረፋድ እስከ አሥር ሰዓት ዝም አለ፤ ከዚያ ተነሣና
«መሬቱ የእሷ ነው» አለ። አራት ቃል እንኳ አልሞላም።
አጎቶቼ ዳግመኛ ከእኛ ጨው አልገዙም።
እናቴ፣ ማታ፣ ወጡን እያማሰለች፣
«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» አለች፤
ለእሱ ይሁን ለወጡ አልገባኝም።
እሱም አልመለሰላት። ዝናብ ነበር። ሳህኑን አቀረበ።

መብራት ሄደ።
በሩ ላይ ያለው ቢጫም አብሮ ሄደ፤ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ።
ላፕቶፑ አሥራ አራት በመቶ ይላል።
በቀረችው ብርሃን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ፦
«ሶዲየም። ሁለት መስመር። ወደ ሰማያዊ።
አለካኬ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ሌሊት ያስፈልጋል።»
ከዚያ በጨለማው እየዳበስኩ ባልዲውን ፈለግሁ፤
ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር።