ቃል

ከሽምብጥ በታች ነው፤ እምቦጭ የሚያርሙት
ማለዳ በመንሽ ስበው ያወጡት።
አንድ እግሩ ጫማ አለው፣ አንዱ ባዶ እግር፣
ኪሱ የባጃጅ ቁልፍ፣ ሁለት መቶ ብር።
ስልኩም ውሃ ጠጥታ ነፍሷ ያልወጣች፣
ባለቤቱ ሞቶ እሷ ትበራለች።

ጓንቴን አጠለቅሁ፣ መዝገቡን ከፈትሁ፣
በአውራ ጣቱ ላይ ቁጥሩን አሰርሁ፤
በዚሁ እጄ ነበር አንድ ሰዓት ላይ
የትንግርትን የጫማ ክር ቋጥሬ የወጣሁ።
«የወላጆች ቀን ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ እንዳትቀሪ!»
«ቃሌ ነው» ያልኋት።

ቀኑ በሰው ቃል አለቀ።
የጀልባው ዘበኛ፦ «ጩኸት ሰምቻለሁ፣ ጉማሬ መሰለኝ።»
ዓሣ ጠባሿ፦ «እኔ ምን አውቄ፣ በማርያም አትጻፊኝ።»
አንዱ ያልሰማውን ይምላል፣ አንዱ የሰማውን ይውጣል፤
የሐይቅ ዳር ሰው
አጥንቱን ለይቶ መዋጥ ያውቃል።

እናቴ ደወለች።
«የአባቷ እህት ጎንደር ልውሰዳት ብላለች፤
አንቺ ሬሳ ስትገለብጪ ልጅ አያድግም» አለች።
ሰዓቴን አየሁ፤ አሥር ከሩብ።
ሦስተኛው ረድፍ ላይ «የትንግርት እናት» የሚል ወረቀት
ባዶ ወንበር ላይ ተለጥፎ ዋለ።

ማታ የስልኩ ዝርዝር መጣ።
የሟች የመጨረሻ ጥሪ፣ ትናንት፣ አራት ሰዓት ከሃያ።
ቁጥሩን ሳልጨርሰው አወቅሁት፤
ልጄን ከትምህርት ቤት የሚያመጣልኝ ሰው ነው፣
ታናሼ፣ ልየው።
የባጃጁ ዕዳ እንዳለበት አውቅ ነበር፤
ከማን እንደተበደረ አልጠየቅሁም ነበር።
ወረቀቱን አራት ላይ አጥፌ ቦርሳዬ ከተትሁ፣
ለአለቃዬ «ነገ» አልሁት።

ስገባ አልተኛችም።
«የት ነበርሽ?»
«ሥራ።»
«ምስክር አለሽ?»
ሳቅሁ። አልሳቀችም።
ስንቱን ቃል አስሰጥቼ፣ ስንቱን አስፈርሜ፣
ለአንዲት ፍሬ ልጅ ቃል አጣሁ ቆሜ።

ጫማዋን ከአልጋው ሥር አነሳሁት፤
ሶሉ ላይ ጭቃ፣ ጭቃው ላይ የደንገል ልጣጭ።
«አጎቴ ሐይቅ ዳር ወሰደኝ» አለች እያዛጋች፣
«ጫማ ስንፈልግ ቆየን፤ የትልቅ ሰው፣ አንድ እግር ብቻ።»

«አገኛችሁት?»
በየትኛው አፌ እንደጠየቅሁ አላውቅም፣
በእናቷ ይሁን በመርማሪዋ።
መስኮቱን የሐይቁ ነፋስ ነካ ነካ አደረገው።
ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፦

«ለማንም እንዳልናገር ቃል ገብቼለታለሁ።
እኔ ደግሞ ቃሌን አላጥፍም።»