ሰማያዊ ካርድ

ብላፍ ላይ ነፋሱ ጨው አዝሎ ከባሕር፣
ሜዳውን እየላሰ ወዲያ ወዲህ ሲዞር፣
ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቶት የፍጻሜው ጨዋታ፣
በሁለት ነጥብ መርተን፣ ልባችን ስትመታ፣
ማራማ ዝቅ ብላ ኳስ ያዧን ልትጥል ስትሄድ፣
ጉልበት መጣና አረፈ በጆሮዋ ግንድ።

ድምፁ ትልቅ አይደለም፤ ያልሰማው ብዙ ነው፤
ሰው ያለበት ቤት በር ሲገጠም ዓይነት ነው።

ተነሣች። ሣቀች። ጭቃዋን ጠረገች።
ከተጋጣሚ መስመር ሄዳ ቆመች፤
በክንዷ መለስኳት።
አሠልጣኝ ፔትሪ ከዳር አጨበጨበ፣
ሕዝቡም ተከተለው፤
ጭብጨባ መቼም ለተነሣ ነው።

"ስንት ለስንት ነን?" አለችኝ ስንሰለፍ።
"አሥራ ሰባት ለአሥራ አምስት። እየመራን ነው።"
ኳሱ ወጣ፣ ተመለሰ።
"ስንት ለስንት ነን?"
ነገርኳት።
በሦስተኛው ዓይኗን አየሁት፤
መብራቱ በርቷል፣ ሰው ግን የለም ከቤቱ።

ልብስ መቀየሪያው ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት አለ፣
ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ፎጣዬን ስሰቅልበት የዋለ፤
ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃን መፍራት፣
አንዱን ጥያቄ ደጋግሞ ማንሣት፤
ከታች በወፍራሙ፦ "ከጠረጠርሽ አስወጪ።"
ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤
እዚህ ግን እኔ ባልጠረጥር
የምትመነጠረው እሷ ነበረች።

እጄን አነሣሁ።
"ደህና ናት!" አለ ፔትሪ፣ "ስትራመድ አታይም እንዴ!"
እውነቱን ነው፤ ትራመዳለች።
እግር ምን ያውቃል።

ዳኛዋ እጇን ኪሷ ከተተች።
ቢጫ ቢሆን ጥፋት፣ ቀይ ቢሆን ነውር ነው፤
ይኼኛው ሰማያዊ፣
ላላጠፋ ሰው ነው።
ማራማ ካርዱን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች፤
"ሸጥሽኝ" አለች።

ሃያ ሁለት ለአሥራ ሰባት ተሸነፍን።
ጫማዬን ስፈታ ማንም አላናገረኝ፤
አጠገቤ ያለው አግዳሚ ባዶውን አመሸ።

ማታ ወደ ሐኪም ቤት፣ በእናቷ መኪና፣
የመንገዱ መብራት እንደ መርፌ ሲወጋት፣
ፎጣ ዓይኗ ላይ ጥላ።
እኔ ከኋላ ነኝ፤
ነይ ያለኝ የለም፣ ውረጂ ያለኝም የለም።
ኢንቨርካርጊል መግቢያ ላይ ፎጣውን ገለጥ አደረገች፤
ቂም የለ፣ ፍጻሜ የለ፣ "ሸጥሽኝ" ያለችው የለች፤
"ስንት ለስንት ነን?" አለች።

አሥራ ሰባት ለአሥራ አምስት፣ አልኳት።
እየመራን ነው።