ሰማያዊ የሌለው ገበታ

አራት ቀለም ብቻ፣ በገበታዬ ተርታ፦
ነጭ፣ ቀይ፣ የአፈር ቢጫ፣
ከአጥንት ከሰል የወጣ ጥቁር፤ የተልባ ዘይት ጠብታ።
ቀለም ሲበዛልኝ እጄ መዋሸት ይለምዳል።
ውጭ ሐይቁ ረግቷል፤ በኦርሳ ላይ በረዶ ይወርዳል።

ጀልባ ቀዛፊው ቶርኬል ከምድጃው ጎን ተቀምጧል፤
ጆሮው ከብርዱ ገና አልተመለሰም፣ ፍም መስሏል፤
ቀዩን ሳላቀጥን ቀባሁት።
እኔ እስላለሁ፤ እሱም ይስላል፤
እንዲህ እያልን ጠዋቱ ያልቃል።

«ሲግሪድ» አለኝ፣ ገበታዬን በዐይኑ ቆጥሮ፣
«ሰማያዊው የታለ? ዐይኔ ሰማያዊ ነበር ድሮ።»

«ነበር» ያላት ቃል ብሩሼን አየር ላይ አቆመች።
ማርጊት ድንቹ ሳይለቀም ነው የሞተች።

አልመለስኩለትም። በቢላዋ ጫፍ ከጥቁሩ
ትንሽ ቆንጥሬ ከነጩ ጋር አሸሁት፤
የጭስ ዘመድ ሆነ፤
ለብቻው ያየው ሰው አመድ ነው ይላል፣ አመድ።
ከቢጫው ቅንድብ ሥር፣ ከቀላው የዐይን ቆብ አጠገብ
ሳሳርፈው ግን፣
ምን ልበላችሁ፣ ሐይቅ ሆነ፤ በረዶ የለቀቀው።
ያው አመድ ነው። ጎረቤቱ ነው ያደመቀው።

ቶርኬል ተነሥቶ መጣ፤ አፍንጫውን ከሸራው አስጠግቶ
ቆመ፣ ሳሉንም ረስቶ።
«ደብቀሽ ነበራ!» አለኝ።
መሳቢያዬን ከፈትኩለት፦ ጨርቅ፣ ምስማር፣ የሻማ ቁራጭ።
አላመነኝም።

ኮቱን ቆላልፎ ሲወጣ፣
ማንም ያልተቀመጠበትን ሁለተኛውን ወንበር
ወደ ራሱ ወንበር ጠጋ አድርጎት ሄደ።
አገጩ ይቀረኛል። ነገ ከመጣ።