አሥራ ዘጠኝ አንዶች

ቲሳ ወንዝ ታጥፎ ሶልኖክን ሲተው፣
ከሐዲዱ ዳር ነው የዘብ ጎጆዬ ያለው።
ከእኔ በፊት እዚህ ኤቴልካ ነበረች፤
ሠላሳ አንድ ዓመት አግዳሚ አነሣች፣ አግዳሚ አወረደች።

መሳቢያዋን ስከፍት ላምባ ላምባ ሸተተ፤
ከደረሰኝ ጀርባ ሁሉ የእርሳስ ሐረግ ተጎተተ።
ከአናቱ አንድ ቁጥር፦

1111111111111111111

አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አንድ፣
እንደ ስልክ እንጨቶች፣ በበረዶ ላይ፣ በአንድ መንገድ።
ከግራም ከቀኝም ብታነበው ያው ነው፤
አለቃ የለበት፣ ምንዝር የለበት፣ ሁሉም ቋሚ ነው።

ለሁለት አካፈለችው፤ አንድ ተረፈ።
ለሦስት ሞከረች፤ አንድ ተረፈ።
ለአምስት፣ ለሰባት፣ ለአሥራ አንድ፣ ለአሥራ ሦስት፣
ለሠላሳ ሰባት ሳይቀር፤
ማዕድ ተነሥቶ፣ ሰው ተሰነባብቶ፣
በር ላይ ቆሞ እንደሚቀር እንግዳ
ያው አንዱ።
«አንተ ሰው፣ ቤት የለህም?» ብላ ጽፋለታለች በጎን።
ለአሥራ ሰባት ሲካፈል ግን ዘጠኝ ተረፈ፤
ከዘጠኙ ሥር ሁለቴ አሰመረች፤
ደስ ብሏት ይሁን ከፍቷት፣ መስመር አይናገር።

ከጡረተኛው መምህር፣ ከሌሄል የመጣ ደብዳቤም አለ፦
«ወይዘሮ ኤቴልካ፣ ላምባውን በከንቱ አነደዱት።
ይህን ቁጥር የሚሰብር ቢገኝ፣
ከሠላሳ ስምንት ብዜት በአንድ የሚበልጥ ነው፤
የሰባትን በር ማንኳኳት ምን ሊረባ?
አንዶቹ አሥራ ሰባት ሲሆኑ ለሁለት ይሰነጠቃሉ፤
አሥራ ዘጠኙን ግን ብቸኛ ቁጥር ነው ይላሉ፤
እኔ አልሞከርኩትም።»

ምን ብላ እንደመለሰች አላውቅም።
ብቻ ከማግስቱ ጀምሮ እርሳሷ መንገድ ቀየረ፦
መቶ ዘጠና አንድ። ሁለት መቶ ሃያ ዘጠኝ።
አራት መቶ አሥራ ዘጠኝ። ቀሪ አለው። ቀሪ አለው።
በመሐል «የከሰሉ ባቡር ዘገየ»፣
በመሐል «ጆሮዬን አመመኝ፣ እንቁላል ሦስት»፣
ደግሞ አራት መቶ ሃምሳ ሰባት። ቀሪ አለው።

አንድ ቢሊዮንን እስክታልፍ ማቆም አይቻላትም ነበር፤
ከሃያ ሰባት ሚሊዮን በላይ በር፣
በየሌሊቱ አራት አራት ቢንኳኳ፣
ደፍሬ አሰላሁት፦ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ዓመት ግድም።
አሥራ ዘጠኝ! ብቻዬን ሳቅሁ፣
ወዲያው አፈርኩ፣ ጎጆው የእሷ ስለሆነ።

መጨረሻው ገጽ ላይ ሰባት ሺህ ስድስት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ፤
ማካፈሉ እመንገድ ላይ ቆሟል፣
አራት አሃዝ ወርዶ፣ አምስተኛው ሳይወርድ።
ባቡር መጥቶባት ይሆናል።

ለእኔም መጣ። ፋኖሴን አንሥቼ ወጣሁ፣
አግዳሚውን አወረድኩ፣ ፉርጎዎቹን ቆጠርኩ፤
አሥራ ሰባት ላይ ጭጋግ ዋጣቸው፤
ድምፁ ግን ገና እያለፈ ነበር።

ገባሁና እርሳስ ቀረጽኩ።