የወንበር ድልድል

አሥራ ሰባት ዓመት፣ ከሞጣ አዲስ አበባ፣
ረዳት ነበርሁ እኔ፤ ስወጣ ስገባ
«ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ሦስት ሦስት ነው» ስል
ኖሬአለሁ፤ ሙያዬ ሰውን መደልደል።

ዘንድሮ ለገና
ማኅበራችን ከባሕር ዳር አውሮፕላን ተኮናተረ፤
ላሊበላ፣ ደርሶ መልስ፤
ሰባ ሰው፣ ሰባ ነጠላ፣ አንድ ከበሮ።
«ወንበር አንተ ታውቃለህ» ተባለና
ድልድሉ እጫንቃዬ ላይ ወደቀ።

ደብተር ገዛሁ።
«የምንልከው ጄት ነው፣ በረድፍ ስድስት» ብለውኝ ነበር፤
የፈረንጁን ፊደል ትቼ በራሴ መደብሁት፦
ሀ ለ ሐ በግራ፣ መ ሠ ረ በቀኝ።
ሀ እና ረ ባለ መስኮት፤
ለ እና ሠ ከግራም ከቀኝም ክርን የሚቀምሱ፤
ሐ እና መ ማንንም ሳይረግጡ የሚነሡ።

ከዚያ ደጅ ጥናቱ።
አቶ አለኸኝ ማር ይዘው መጡ፤ «ጋቢናዋን አደራ!»
«ኧረ ጋሼ፣ አውሮፕላን ጋቢና የለውም።»
«ሾፌሩ ታዲያ ከማን ጋር ሊያወራ?»
አንለይ በበኩሉ፣ ስሙን አስይዞ፣
ከሚስቴ መተላለፊያ እንዳይለየኝ ሲል ለመነ፤
ሸጊቱ ጢስ ዓባይ ይታየኝ አለች፣ በቀኝ፤
መምህር ውበቴ፦ «ክንፉ ላይ ካስቀመጥኸኝ
ተራራውን ነጥቀህ ቆርቆሮ አሳየኸኝ።»
ወንድማቸው ደግሞ ክንፉ ላይ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ፣
ጭራው ያልተገራ በቅሎ ነው፣ አውቃለሁ
(አውሮፕላን ያየው ከታች ሆኖ ነው፣ እርሻ ውስጥ)።

ታኅሣሥ ሃያ አምስት፣ ማታ፣ ስልክ።
«ጄቱ ቀረ። ባለ ውልብልቢቱን ነው የምንልከው፤
ወንበሩ ሁለት ሁለት ነው።»
ሁለት ሁለት ከሆነ ሠ የለ፣ ረ የለ፤
ሃያ ሦስት ሰው በሌለ ፊደል ላይ ተንጠለጠለ።
መሪጌታ ሳቁብኝ፦
«‘ሠረረ’ በግእዝ በረረ ነው፣ ልጄ፤
ሠ እና ረን ጥለህ በምን ልታበርረን ነው?»

ሌሊቱ በላጲስ ነጋ።
የዚህኛው ክንፉ ከላይ ነው፤ መሬት ለማንም አይጋረድ፤
መምህር ይደሰቱ።
ውልብልቢቱ አጠገብ ወፍጮ ቤት ነው፤ እዚያ ጆሮ የከዳቸውን፤
የመጨረሻው ረድፍ ጀርባው አይጋደም፤
እዚያ ራሴን ጻፍሁ።

አንዲት ሰው ብቻ ምንም አልለመነችኝም።
ይታይሽ።
ስሟን ስንት ረድፍ ላይ ጻፍሁ፣ ስንቴ ፋቅሁ፤
ወረቀቱ ሳስቶ ከሥሩ ያለው ገጽ ይታይ ጀመር።

ባሏን፣ እንየውን፣ በዚያ ሰኔ
ጋቢና ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ፣ እኔ፤
ጉቦ አልተቀበልሁም፤ ጉልበቱን ያመው ነበር፣
እግሩን ይዘርጋ ብዬ።
ዓባይ በረሃ ላይ፣ ከደጀን ቁልቁል፣ ሦስተኛው ጥምዝ፣
ከጋቢናው በቀር ሁሉም ወረደ።

ጠዋት፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ተራዋ ደረሰ።
«ይሄ ጋቢና የለውም፣ አይደል?»
«የለውም።»
«እንግዲያ የትም አድርገኝ።»

የትም የሚባል ወንበር በደብተሬ አልነበረም።

ከኔ ጎን አንድ ቀርቶ ነበር፣ የመስኮቱ።
ተነሣን። ታናን ስንዞር
ሰው ሁሉ ወደ ግራ ሲንጋጋ፣
ከበሮው ወድቆ በመተላለፊያው ሲንከባለል፣
መሪጌታ «ሠረረ! ሠረረ!» ብለው ሲጮኹ፣
አለኸኝ ሾፌሩ ብቻውን ምን ይሆን ይሆን ሲሉ፣
እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች
ጉልበቴን አየች፤ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው፤
እግሯን ወደ መስኮቱ ሰበሰበችና
«ዘርጋው፤ ቦታ አለ» አለችኝ።